ሆዱ ያልታየ ብረት

በብረት ማቅለጫው ግቢ ውስጥ የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ገልብጡልኝ» ናት። አዲስ የተቀጠረ ሰው እንኳ ሁለት ቀን ሳይሞላው «ገልብጡልኝ ወዴት ናት?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሷም «አቤት» ትላለች። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር። እሷ ግን ሹመት እንደተሰጠው ሰው ቀና ብላ ተቀበለችው፤ ሹፈቱም የዚያኑ ዕለት ጣዕሙ ጠፋ።

ሥራዋ ስንጥቅ መፈለግ ነው። የቀለጠው ብረት ከትልቁ ባልዲ እየወረደ፣ በውሃ በሚቀዘቅዝ የመዳብ ቅርጽ ውስጥ ያልፋል። ቅርጹ እላይ ታች እያለ ይንቀጠቀጣል። ብረቱ ውጩ ቆዳ ሲያበጅ ውስጡ ገና ፈሳሽ ነው፤ እንደዚያው ሆኖ ሮለር በሚባሉ ተሽከርካሪ ብረቶች መሃል ጎብጦ ይወርዳል፣ ከየአቅጣጫው ውሃ ይረጭበታል፣ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ ተጋድሞ ይወጣና በጋዝ እሳት ይቆረጣል። ከላይ እየተጨመረ ከታች እየተቆረጠ፣ ሳይቋረጥ። ቁራጩ ስላብ ይባላል፤ ወርዱ እንደ ሰፊ አልጋ፣ ውፍረቱ አንድ ስንዝር፣ ርዝመቱ ከአውቶቡስ የማያንስ። ሠራተኞቹ የላዩን ወገን ጀርባ፣ የታቹን ደግሞ ሆድ ይሉታል።

ቅርጹ ሲንቀጠቀጥ በብረቱ ቆዳ ላይ እንደ ቀሚስ ሽብሽብ ያለ መስመር ይተዋል። ስንጥቅ የሚደበቀው እዚያ ሽብሽብ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ጠርዙ። ፀጉር ያህላል፤ አንዳንዴም ከፀጉር ይቀጥናል። ስላቡ እንደገና ግሎ መዳመጫው ውስጥ ገብቶ ሲሳሳ ግን ያ ፀጉር አፉን ይከፍታል። አፉን የከፈተው ብረት የድልድይ እግር ወይም የጋዝ ታንክ ከሆነ በኋላ ቢታወቅ ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ገልብጡልኝ ጠርዙን አንድ መዳፍ ስፋት በሞተር ሞረድ ትልጣለች፤ ቅርፊቱ ተነስቶ የሚያበራው ብረት ሲወጣ ትንበረከካለች፤ ጥቁር ክር ካየች በጠመኔ ትከብበዋለች። ሃያ ሁለት ዓመት ተንበርክካለች። ጉልበቷ ላይ የምታስረው ቁራጭ ጎማ አራተኛው ነው።

ወደ ግቢው የገባችው ቅርፊት ጠራጊ ሆና ነበር። ያኔ የነበሩት ሽማግሌ ተቆጣጣሪ ዓይናቸው እየደከመ መምጣቱን ለማንም መናገር ስላልፈለጉ መጥረጊያዋን አስቁመው «እስቲ እዚህ ጋ ምን ይታይሻል?» ይሏት ነበር። የሚታያትን ትነግራቸዋለች። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ያለምንም ፈተና ጠመኔውን ለእሷ ሰጥተው ሄዱ፤ ፈተናው ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲካሄድ ነበር።

ጀርባውን ማየት ቀላል ነው። ብረቱ ተጋድሞ ይጠብቃል። ሆዱን ለማየት ግን ክሬን ያስፈልጋል። ክሬኑ ሃያ ቶን የሚመዝነውን ስላብ በመንጋጋው ነክሶ ያነሳል፣ በጠርዙ ያቆማል፣ ቀስ አድርጎ በሌላው ጎኑ ያስተኛዋል። ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በሩብ ሰዓት ሦስት ስላብ ወደ መዳመጫው ማሳለፍ ስለሚቻል፣ የክሬን ነጂዎች «ገልብጡልኝ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ድንገት ጆሯቸው ይደፈናል። የያኔው የጥራት ክፍል ኃላፊም ነገሩን በደብዳቤ አሰረው፦ ያለ ኃላፊው ፈቃድ የየትኛውም ስላብ ሆድ አይገለበጥም።

አንዱ ክሬን ነጂ ብቻ ጆሮው አልተደፈነም። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሌላው ሁሉ ሄዶ እሷ ብቻ ስላቦቹ መሃል ስትዞር፣ ከክሬኑ ጎጆ አንገቱን አውጥቶ «የትኛውን?» አላት። ሌሎቹ እኮ «ለምን?» ነበር የሚሏት። እሱ «የትኛውን?» አለ። ለዚያች አንዲት ጥያቄ ነው ያገባሁት ትል ነበር፣ ሲያስቋት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት፣ አራት ስላብ ይገለብጥላት ነበር። ፈቃድ አልነበረውም። የሚያውቁት ፎርማኖች እንዳላዩ ሆነው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። እሱ የራሱን ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነበር የሚበላው። ከሚገለበጡት ውስጥ በሳምንት አንድ ሁለቱ ሆዳቸው ስንጥቅ ሆኖ ይገኛል፤ እሷም በቅጿ ላይ ትጽፈዋለች። ያልተገለበጠውን ባዶ ታልፈዋለች። ያኔ ቅጹ ወረቀት ነበር፤ ወረቀት ባዶ ቦታ ይችላል።

ከስድስት ዓመት በፊት በመጋቢት ታመመ። ሳንባው ነው አሉ። በወሩ በአሥራ አንደኛው ቀን ከክሬኑ ሲወርድ መሰላሉ መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሽ ሲወስድ አየችው። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ግንቦት ሳይገባ አለፈ።

ሐዘኗን ጨርሳ ስትመለስ ክሬኑ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ሥራ የሚያውቅ፣ ቀልደኛ፣ ግን ሰዓቱን በክንዱ ሳይሆን በግንባሩ ያሰረ የሚመስል ሰው። አንዴ ጠየቀችው፤ ሰዓቱን አሳያት። ሁለተኛ ጠየቀችው፤ የኃላፊውን ደብዳቤ ጠቀሰላት። ሦስተኛ አልጠየቀችም። አፏ ደከመ። በዚያው ሰሞን ቅጹ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባዶ ሣጥን አይወድም፤ ለጀርባም ለሆድም «ንጹሕ» ወይም «ስንጥቅ» ካልተባለ ቅጹን መልሶ ይልካል። ተቆጣጣሪዎቹ ሁሉ ላልተገለበጠ ሆድ «ንጹሕ» የሚለውን መጫን ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ማንም አልከለከላቸውም። እሷም ተጫነች። የመጀመሪያ ቀን እጇ ከበዳት። በሳምንቱ አልከበዳትም። ይህንን ያወራው ሌላ ሰው አይደለም፤ ኋላ ራሷ ናት የተናገረችው።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ መሐንዲሱ መጣ። ቀጭን፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ሥራው ስንጥቅ ከመፈጠሩ በፊት እንዲታወቅ ማድረግ ነበር። የሚፈሰውን ብረት ሙቀት፣ በቅርጹ ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚልበትን መጠን፣ ፍጥነቱን፣ የሚረጨውን ውሃ፣ ሁሉንም ሰበሰበ። ከዚያ ተቆጣጣሪዎቹ ለዓመታት የጻፉትን ሰብስቦ ሁለቱን አጋጠመና ኮምፒውተሩን አስተማረው፦ እንዲህ ሲሆን ይሰነጠቃል፣ እንዲህ ሲሆን አይሰነጠቅም። ስላቡ ገና ሳይቆረጥ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይበራል። አረንጓዴው እንደጋለ በቀጥታ ወደ መዳመጫው ይሄዳል። ቀዩ ወደ ግቢው ወጥቶ ይቀዘቅዛል፣ ቀይ በበራበት ወገን ይመረመራል፤ የሚገለበጠው ሆዱ ቀይ ከሆነ ብቻ ነው።

ሠራተኛው ኮምፒውተሩን በአንድ ቀን «ጠንቋዩ» ብሎ ሰየመው። ፎርማኑ መሐንዲሱን እያስቆመ ሚስቱ ዛሬ በምን ስሜት እንደምትቀበለው ጠንቋዩን እንዲጠይቅለት ይለምነው ነበር። መሐንዲሱም በቁም ነገር፣ ለዚያ በቂ መረጃ እንደሌለው ይመልሳል።

ገልብጡልኝ ግን አልቀለደችበትም። ጠንቋዩ «ሰባተኛው፣ ጀርባ፣ ቀኝ ጠርዝ» ሲል ሄዳ ትልጣለች፤ ስንጥቁ እዚያ ነው። አሥር ጊዜ ብትፈትነው ዘጠኙን ያገኛል። አንድ ቀን ለመሐንዲሱ «ዓይን አለው ይሄ ነገርህ» አለችው፤ ሰውዬው እስከ ማታ ሲያፏጭ ዋለ። ሆድ ላይ ጠንቋዩ አንድም ጊዜ ቀይ አብርቶ አያውቅም። ያንን አስተውላለች። አስተውላ ዝም ብላለች።

ነገሩ የተነሳው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የመዳመጫው ክፍል ለጥገና ቆሞ ስለነበር አረንጓዴዎቹም ሳይቀሩ ግቢ ወጥተው ተደርድረዋል። ሃያ ስድስት ስላብ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም ለጋዝ ታንክ የታዘዘ። ለታንክ የሚሄድ ብረት፣ ጠንቋዩ ምንም ቢል የተቆጣጣሪ ፊርማ ግዴታው ነው፤ የዚያ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ደግሞ እሷ ናት። ክሬን ነጂው አንዱን ስላብ ቦታ ሊያስለቅቅ ሲያነሳ መንጋጋው ተንሸራተተ። ስላቡ በአንድ ጎኑ ወርዶ፣ ጎረቤቱን ተደግፎ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆመ። ሰው ሁሉ ሸሸ። እሷ ወደዚያው ሮጠች።

ክሬን ነጂው ኋላ ሲያወራው፣ «እኔ ሰው ገደልኩ ብዬ ስጮህ፣ እሷ እኮ ዘመድ ከመኪና እንደወረደላት ነው የምትበረው» ብሏል።

ስላቡ በሚገባ ከተደገፈ በኋላ ሞረዱን ይዛ ገባች። በግራው ጠርዝ አንድ መዳፍ ስፋት ላጠች። ጥቁር ክር፤ አጠገቡ ሌላ፤ በክንድ ርዝመት ውስጥ አራት። ቀና ብላ ወደ ክሬኑ ጎጆ አየችና ለስድስት ዓመት ያላለችውን ቃል አለች። ነጂው የዚያን ቀን ሰዓቱን አላሳያትም። ሁለት ገለበጠላት። ሁለቱም በዚያው በግራ ጠርዝ ተሰንጥቀዋል።

የመረካከቢያው ወረቀት ሲቀርብላት አልፈርምም አለች።

የአሁኑ የጥራት ክፍል ኃላፊ ከቢሮው ወረደ። ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጫማው ግቢ ውስጥ እንኳ አቧራ የማይነካው ሰው ነው። ስላቡ ሲወድቅ ስለተፋቀ ነው አለ። ያልወደቁትስ ሁለቱ ብትለው፣ ሦስቱን ለይታ ሃያ ሦስቱን እንድትፈርም ነገራት፤ መዳመጫው ነገ ቀትር ላይ ይነሳል፣ የሚጠብቅ ትዕዛዝ ነው። ጠንቋዩ አረንጓዴ ብሏል አላት። ጠንቋዩ ሆድ አያይም አለችው። ሃያ ሦስቱ ይገለበጡልኝ፣ ያኔ ወይ እፈርማለሁ ወይ አልፈርምም። ኃላፊው ጠንቋዩ ለምን እንደሚሳሳት እስከ ነገ ጠዋት በማስረጃ እንድታቀርብ፣ ካላቀረበች ሌላ ተቆጣጣሪ እንደሚፈርም፣ እሷም ትዕዛዝ ባለመቀበል እንደምትጠየቅ ተናግሮ ተመለሰ።

መሐንዲሱ ወደ ክፍሉ ጠራት። ወንበሩን ለእሷ ሰጥቶ ራሱ ቆመ። ሊያዋርዳት ፈልጎ አልነበረም፤ ልቧ እንዳይሰበር የፈራ ሰው አነጋገር ነበር ያለው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር አሳያት። የሆድ ስንጥቅ በየወሩ ምን ያህል እንደተገኘ የሚያሳይ ነው። ለዓመታት ከፍ ዝቅ እያለ ይሄድና አንድ ቦታ ሲደርስ ቁልቁል ወርዶ መሬት ይነካል። ከዚያ ወዲያ ቀጥ ያለ፣ ባዶ።

«ይሄ እኮ የራስዎ መዝገብ ነው እትዬ» አላት። «እኔ የፈጠርኩት ነገር የለም። መጋቢት ላይ መጉበጫው ጋ ያሉት ሮለሮች ተቀይረዋል፤ ከዚያ ወር ጀምሮ የሆድ ስንጥቅ የለም። ኃላፊው በዚህ ላይ ሪፖርት ጽፈዋል። የተሾሙትም በዚያ ነው።»

ገልብጡልኝ የወሩን ስም አነበበች። ዓመቱን አነበበች። ጣቷን አንስታ መስመሩ የወደቀበትን ቦታ ነካችው፤ መሐንዲሱ ስክሪን በጣት አይነካም ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

በአውቶቡስ ውስጥ ቆማ ሄደች፤ ባዶ ወንበር መኖሩን ያየችው ስትወርድ ነው። ያላት ማስረጃ አንድ ነው። እሱን ካቀረበች የስድስት ዓመት ቅጿ ሐሰት መሆኑን በራሷ አፍ ትናገራለች፤ ያ ከሥራ ያስባርራል፣ ለጡረታዋ ደግሞ አራት ዓመት ነው የቀራት። ባሏም ለአሥራ ስድስት ዓመት ያለ ፈቃድ ክሬን ሲያንቀሳቅስ እንደነበር በመዝገብ ይሰፍራል። በግቢው ውስጥ ስሙ ላይ አንዲት ነጥብ የሌለበት ሰው ነበር። ዝም ካለች ሌላ ሰው ይፈርማል፤ ብረቱም ይሄዳል።

ቤት ስትደርስ አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። አሮጊቷ ጆሯቸው ቀንሷል፤ ምላሳቸው አልቀነሰም። «አንቺ ብረት ውስጥ ፀጉር የምታዪ ሴት» አሏት ሳታርፍ፣ «ትናንት የለቀምሽው ውስጥ ሁለት ጠጠር አገኘሁ፤ አንዱ ጥርሴን ሊወስደው ነበር።»

ጎናቸው ተቀምጣ ከሳህኑ ግማሹን ወደ ራሷ ሳበች። እየለቀመች ነገረቻቸው፤ ስለ ስላቡ፣ ስለ መስመሩ፣ መስመሩ ስለወደቀበት ወር። አሮጊቷ ወሩን ሲሰሙ እጃቸው ቆመ።

«ስሙን ልታነሺው ነው?»

«ያለሱ ነገሩ አይነገርም፣ እማ።»

«ሰርቋል ይሉታል?»

«ያለ ፈቃድ ክሬን አንቀሳቅሷል ነው የሚሉት።»

«በምሳው ሰዓት?»

«በምሳው ሰዓት።»

አሮጊቷ አንድ ጠጠር አንስተው በመስኮት ወረወሩ። «ታዲያ ምሳውን ትቶ የሠራን ሰው ምን ብለው ሊቀጡት ነው?» አሉ። «ካማራቸው ይቅጡት። የት እንዳለ እኔ አሳያቸዋለሁ።» ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሳቸው መልሰው ሳቡት፤ ዛሬ የእሷ ዓይን የሚታመን አይደለም አሉ።

በማግስቱ በኃላፊው ቢሮ አራት ሰው ነበር፤ ኃላፊው፣ መሐንዲሱ፣ ፎርማኑና እሷ። የመረካከቢያው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው በላዩ። ማስረጃሽ የት አለ አላት ኃላፊው። ወረቀት አላመጣሽም።

«ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው ያለው» አለች። «መጋቢት ላይ የቆመው ስንጥቁ አይደለም። የሚገለብጥልኝ ሰው ነው የሞተው።»

ቀጥላ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች። በምሳ ሰዓት አራት አራት እየገለበጠ ማን እንዳሳያት፤ ያ ሰው የመጨረሻ ቀን ከክሬኑ የወረደበትን ዕለት፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሆድ ተገልብጦ አለማየቷን፤ ሳታይ ንጹሕ ማለቷን፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። ሌሎቹም እንደዚያ ያደርጉ እንደሆነ ኃላፊው ሲጠይቃት፣ የሌሎቹን ሌሎቹን ጠይቁ፣ እኔ የራሴን ነው የምናገር አለች። እጇ ጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ይዞ ነበር።

ፎርማኑ ጫማውን ያይ ጀመር። መሐንዲሱ መነጽሩን አውልቆ በክሩ ለቀቀው። የተማረ ሰው ነውና ወዲያው ነው የገባው፤ ጠንቋዩ የተማረው ስንጥቅ አለመኖሩን ሳይሆን ሰው አለማየቱን ነበር። ሁለቱን የሚለይበት ሣጥን ማንም አልሰጠውም።

ኃላፊው ፎርማኑን ለጊዜው ውጭ እንዲጠብቅ ነገረው። በሩ ሲዘጋ ድምፁ ይበልጥ ለሰለሰ። ያለችውን ነገር ማንም እንዳልሰማው ሊቆጠር ይችላል አላት። ሦስቱ ተበላሽተዋል ተብለው ይወገዳሉ፤ ሃያ ሦስቱን ትፈርማለች፤ ከነገ ጀምሮ በሳምንት የተወሰነ ስላብ እንዲገለበጥ እሱ ራሱ ያዛል፤ የድሮው መዝገብ ባለበት ይቀመጣል። የሞተን ሰው ስም ማንሳት ለማንም አይጠቅምም አለ። ለእሷ አዝኖ የሚናገር ነበር የሚመስለው። ምናልባትም አዝኖ ይሆናል።

«ሃያ ሦስቱስ?» አለችው።

«ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ።»

«ሊሆኑ ይችላሉ። ለስድስት ዓመት እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።»

«ይሄ ከሥራ እንደሚያስባርርሽ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል፣ አባረሩኝም ብዬ አላለቅስብዎትም። ብረቱ ግን ይገለበጣል። እዚህ ወረቀት ላይ የእኔን ስም የሚፈልግ ሰው ሆዱን ያሳየኝ። የባሌን ስም ደግሞ እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ አንሱም ጣሉም አላልኳችሁም።»

እስክሪብቶውን ወደ ኃላፊው ገፋችለት። በዚያ ጊዜ መሐንዲሱ ወደ ጥግ ኮምፒውተሩ ሄዶ ቆሞ መጻፍ ጀመረ። ምን እያደረገ እንደሆነ ኃላፊው ጠየቀው። የሃያ ስድስቱንም ሆድ ቀይ እያደረግኩ ነው አለ። ሆዱ ቀይ የሆነ ስላብ ይገለበጣል የሚለው ትዕዛዝ የኃላፊው የራሱ ፊርማ ያለበት ነው፤ መሐንዲሱ ይህን ለማስታወስ ብዙ አልተናገረም፣ ደብዳቤውን ስክሪኑ ላይ ከፍቶ ተወው።

መገልበጡ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። መዳመጫው ባዶውን ቆመ። ክሬን ነጂው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ከጎጆው ወርዶ በገዛ ዓይኑ አየ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ሲያስተኛ «እሺ እትዬ፣ ይሄስ?» ማለት ጀመረ። ከሃያ ስድስቱ አሥራ ሰባቱ ተሰንጥቀዋል። ሁሉም ሆድ፣ ሁሉም ግራ ጠርዝ። ዘጠኙ ንጹሕ ናቸው፤ ዘጠኙን በዚያው ፈረመች።

ምክንያቱን ያገኙት ማሽኑ ሲቆም ነው። መሐንዲሱና ሁለት ጠጋኞች ብረቱ ጎብጦ ወደሚወርድበት ውስጥ ገቡ። ከሥር በኩል የአንዱ ውሃ መርጫ አፍ ተሰብሮ ወድቋል። እንደ ጤዛ መርጨት ሲገባው እንደ ቧንቧ ይደፋል፤ የሚደፋውም በአንድ ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ከሌላው ቆዳ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ይደርቃል፤ ብረቱ ሊጎብጥ ሲል የውጭው ወገን ይሳባል፤ የደረቀ ቆዳ ሲሳብ ምን እንደሚሆን ማንም እናት ታውቃለች። ሙቀት የሚለካው ካሜራ ደግሞ ከላይ የተሰቀለ ነው፤ ጀርባ እንጂ ሆድ አያይም። የተሰበረው ቦታ ዝጓል። ስንት ጊዜው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስንት ስላብ በዚያ እንዳለፈም እንዲሁ። መሐንዲሱ ያለፉትን ትዕዛዞች ዝርዝር አወጣ፤ ለገዢዎቹ ሁሉ ደብዳቤ እንዲጻፍ ጠየቀ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ብዙ ቀን ወሰደ እንጂ።

የእሷም ደብዳቤ መጣ። አልተባረረችም። አንድ እርከን ዝቅ እንድትል፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም እንዲሰጣት ተወስኗል። ስትረከብ ማመኛ እንድትፈርም ቀረበላት፦ «በግል ቸልተኝነቴ ምክንያት የተሳሳተ መረጃ መስጠቴን አምናለሁ» ይላል። ቁጭ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «የተሳሳተ መረጃ መስጠቴን አምናለሁ» የሚለውን ተወችው። «በግል ቸልተኝነቴ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ በእጇ «ሆዱ እንዳይገለበጥ በተሰጠ ትዕዛዝ፣ ባዶ በማይቀበል ቅጽ፣ በእኔም ዝምታ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ፈረመች። የአስተዳደሩ ጸሐፊ ማመኛ ላይ እርማት አይደረግም አለቻት። «እንግዲያው አላመነችም ብለሽ ይዘሽው ሂጂ» አለቻት። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። መልስ አልመጣም።

ኃላፊው የስድስት ዓመቱ የሆድ መዝገብ ከኮምፒውተሩ በጸጥታ እንዲደመሰስ ፈልጎ ነበር። መሐንዲሱም ለጠንቋዩ ከሆነ መደምሰሱ እንደሚበቃ ነገራት። እምቢ አለች። እኔ የጻፍኩት አይጠፋም፣ ላዩ ላይ «አልታየም» ተብሎ ይታረም፣ ስሜም እዚያው ይኑር አለች። አንድ ወር ሙሉ፣ ከፈረቃዋ በፊት እየመጣች፣ ከመሐንዲሱ ጋር ተቀምጣ ቅጽ በቅጽ አረመችው። ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ ኩርፊያ ይዟቸው ነበር፤ ገልብጡልኝ ቤታችንን ገለበጠችው አሉ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ወንበር ስቦ መጣ፤ የእኔንስ የት ነው የማገኘው አለ።

አዲሱ ቅጽ ግን ቶሎ አልመጣም። «አልታየም» የሚል ሦስተኛ ሣጥን ይጨመር የሚለው ጥያቄ ፊርማ እየጠበቀ ከቢሮ ቢሮ ይዞር ነበር። በዚህ መሃል እንደገና ለታንክ የታዘዘ ስላብ ወጣ። አረንጓዴ፤ አንድ። ጀርባውን ላጠች፣ አየች፣ ንጹሕ አለች። የሆዱ ጋ ስትደርስ ሁለቱንም ሣጥን ተወችና የማስታወሻው ቦታ ላይ «አልታየም» ብላ ላከች። ኮምፒውተሩ መለሰው። ላከችው። መለሰው። ሦስተኛ ላከች። ከቢሮ ስልክ ተደወለ፤ ለአንድ ስላብ ብላ መስመሩን ልታቆም ነው ወይ አሉ። መስመሩን ያቆመው ኮምፒውተሩ ነው፣ እኔ እውነቱን ነው የጻፍኩት አለች። አራተኛ ላከች።

ከቀትር በኋላ ክሬኑ መጣ። ኃላፊውም ወርዶ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ስላቡ ተነሳ፣ በጠርዙ ቆመ፣ ቀስ ብሎ ተኛ። ከዳር እስከ ዳር ላጠችው። ተንበርክካ በግራው ሄደች፤ በቀኙ ተመለሰች። አንድም ክር የለም። ያበራል።

«ይኸው» አለ ኃላፊው። «ንጹሕ ነው። ግማሽ ቀን የጠፋው በከንቱ።»

ጉልበቷን እያራገፈች ተነሳች። «አዎ፣ ንጹሕ ነው» አለችው። «አሁን አይቼዋለሁ። አምጡ፣ ልፈርም።»